ክለብ ሲዛወር ደጋፊው የት ይቀራል?

ባለፈው ሴሚስተር በስፖርት አስተዳደር ክፍለ ጊዜ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ኮንፈረንስ» ብለው ጻፉና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁን። አብዛኞቻችን «ስብሰባ» አልን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን ደግሞ «አበል ያለው ስብሰባ» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀው። መምህሩም አብረውን ስቀው ሲያበቁ ቃሉ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ሌላ ነገር መሆኑን አስረዱንና አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። ጥያቄው አንድ ትንሽ ኮሌጅ ከአንዱ ኮንፈረንስ ወጥቶ ሌላ ውስጥ ሲገባ ደጋፊው ላይ ምን ይደርስበታል የሚል ነበር።

እኔ የማክሰኝት ልጅ ነኝ። የአሜሪካን ኮሌጅ በፊልም ካልሆነ በቀር አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ጥያቄውን ይዤ ዶርም ስገባ መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሆኖ አገኘሁት። የእኛው ፋሲል ከነማ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተዛውሯልና። አንዴ ወደ ላይ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊጉም ስሙም ሳይቀየር ሜዳው ብቻ ከእኛ ራቀ። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ የቤት ሥራዬ ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ለማሳየት የምሞክረውም አንድ ነገር ነው፤ ሊግ ማለት የነጥብ ሰንጠረዥ ብቻ አይደለም። ሊግ ማን ወደ ማን ከተማ እንደሚጓዝ የተደረገ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ሲለወጥ ከሁሉ በፊት የሚለወጠው የደጋፊው መንገድ ነው።

ስብሰባ ያልሆነው ኮንፈረንስ

በእኛ አገር አንድ ክለብ ከአንዱ ሊግ ወደ ሌላው የሚሄደው በነጥቡ ነው። ካሸነፈ ይወጣል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል። በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ ግን መውጣትና መውረድ የሚባል ነገር የለም። ኮሌጆች በየአካባቢያቸው ተሰባስበው በየዓመቱ እርስ በርሳቸው ለመጫወት ይፈራረማሉ። ኮንፈረንስ የሚባለው ይህ ማኅበር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የሚቻለው በማመልከቻና በግብዣ እንጂ በጎል ብዛት አይደለም። ከኮንፈረንሶቹ በላይ ደግሞ ሦስት ዲቪዥኖች አሉ። በአንደኛው ዲቪዥን ውስጥ በቴሌቪዥን የምናያቸው ትልልቆቹ ይገኛሉ። በሦስተኛው ዲቪዥን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ትንንሽ ኮሌጆች ሲሆኑ ለስፖርተኛ በስፖርቱ ብቻ ነጻ የትምህርት ዕድል አይሰጡም። ተማሪው ይማራል፣ በትርፍ ጊዜው ይጫወታል፤ እኛ በዲፓርትመንቶች መካከል እንደምናደርገው ዓይነት፣ በእርግጥ ሜዳቸው ሣር አለው።

ታዲያ ትንሹ ኮሌጅ ለምን ይዛወራል? አንዱ ምክንያት የጉዞ ወጪ ነው። ሁለተኛው የአባላት መመናመን ነው፤ ጎረቤት ኮሌጅ ሲዘጋ ወይም ሲለቅ ኮንፈረንሱ ይሳሳል፣ የአባላቱ ቁጥር ከተወሰነው በታች ከወረደም አሸናፊው በቀጥታ ወደ አገር አቀፍ ውድድር የሚገባበትን መብት ያጣል። ስለዚህ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይከተላል። ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ከማን ጋር ተሰልፎ መታየት እንደሚፈልግ የሚያስበው ነገር አለ። ትልልቆቹ ዘንድ ከዚህ ሁሉ በላይ የቴሌቪዥን ገንዘብ ይነግሣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ስታንፎርድና የካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የአትላንቲክ ዳርቻ በሚባለው ኮንፈረንስ ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱም የሚገኙት በፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል ነው። ካርታ ያየ ሰው ይስቃል፤ ውሉን ያየ ግን ይገባዋል።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን የሚኒሶታው የሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው የሚኒሶታ ኮሌጆች ኮንፈረንስ መሥራች አባል ነበር። ከጊዜ በኋላ በተማሪ ብዛትም በጉልበትም ከጓደኞቹ በለጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ እግር ኳስ (በእጃቸው ነው የሚጫወቱት፣ ስሙን እነሱ ይወቁት) ሴንት ኦላፍ የተባለውን ኮሌጅ 97 ለ 0 አሸነፈ። ትንንሾቹ ኮሌጆች በዚህ ዓይነት መቀጠል እንደማይቻል መነጋገር ጀመሩና በ2019 ሴንት ቶማስ ካቋቋመው ማኅበር እንዲወጣ ተወሰነ። ያጠፋው ጥፋት ማሸነፍ ነበር ማለት ይቻላል። እሱም በ2021 ከሦስተኛው ዲቪዥን ተነስቶ፣ ሁለተኛውን ረግጦ ሳያልፍ፣ በቀጥታ አንደኛው ውስጥ ገባ።

ይህ ለተቋሙ ዕድገት ነው። ለደጋፊውስ? ሴንት ቶማስ ከ1901 ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ባላንጣ ነበረው፤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሴንት ጆንስ። ሁለቱ ሲገናኙ አባት ከልጁ ጋር፣ አያትም ከልጅ ልጁ ጋር ሜዳ ይገባል። በመስከረም 2017 ጨዋታቸውን ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ በአንድ የቤዝቦል ስታዲየም አድርገውት 37,355 ሰው ተመለከተው። ነጻ ስኮላርሺፕ የሌላቸው፣ ለደመወዝ የማይጫወቱ ተማሪዎች ጨዋታ ነው ይህ! በዚያ ዲቪዥን ታሪክ እንዲህ ያለ ተመልካች ታይቶ አያውቅም። የመጨረሻውን የኮንፈረንስ ጨዋታቸውን ያደረጉት በ2019 ነው። አሁን የሴንት ቶማስ የእግር ኳስ ቡድን ያለበት ሊግ ከካሊፎርኒያው ሳን ዲዬጎ እስከ ፍሎሪዳ የተዘረጋ ነው። በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላው መንገድ በአውሮፕላን ተተካ። ቡድኑ አደገ፤ አያትየው ግን ቤቱ ቀረ።

130 ኪሎ ሜትር የሚለውን ቁጥር ሳነብ ደንገጥ ብያለሁ። ከማክሰኝት እስከ ባህር ዳር ያለው ርቀት ማለት እኮ ነው፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

አንዱ ወጥቶ አንዱ የገባበት ዓመት

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በአሁኑ መልኩ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም ሲሆን የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ። ጎንደርን ለዓመታት በሊጉ ወክሎ የቆየው ዳሽን ቢራ ነበር። ዳሽን በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ፤ ከዚያም ፋብሪካው ክለቡን በተነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ፋሲል ከነማ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ አለፈ። አንድ ከተማ በአንድ ክረምት አንድ ክለብ ቀብሮ አንድ ክለብ ዳረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው። ሜዳው ያው የአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ነው፤ ሊጉም ያው ነው። የመጀመሪያው ክለብ የፋብሪካ ነበር፤ ባለቤቱ «በቃኝ» ሲል በቃ። የሁለተኛው ስም ግን ሌላ ነገር ይናገራል። «ከነማ» የሚለው ቃል «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተወሰደ ምህጻር ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን የሰው ስም እስኪመስል ድረስ ስለለመድነው ትርጉሙን አናስብም። ወደ ኋላ እመለስበታለሁና አንባቢ ይያዝልኝ።

በ2009 ዓ.ም ፋሲል ፕሪምየር ሊግ ሲገባ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ለእኛ ለማክሰኝት ሰዎች ለውጡ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስንና ኢትዮጵያ ቡናን በስም እናውቃቸዋለን። ከአዲስ አበባ ጎንደር 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጊዮርጊስን ለማየት ማን ሁለት ቀን ይጓዛል? አሁን ግን ጊዮርጊስ ራሱ 40 ኪሎ ሜትር ድረስ መጣልን። አጎቴ ጠዋት በሚኒባስ ይዞኝ ይወጣል። ጠዳ ላይ ሌሎች ማሊያ የለበሱ ይሳፈራሉ፣ አዘዞ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ደጋፊ ሆኗል፣ ረዳቱ ሳይቀር ይጨፍራል (ሂሳብ መቀበሉን ግን አይረሳም)። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ቦታ ለማግኘት ከረፋዱ ጀምረን ፀሐይ ላይ እንቀመጥ ነበር። አጎቴ ጋዜጣ አጥፎ ባርኔጣ ይሠራልኛል።

በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ድሬዳዋን፣ ሐዋሳን፣ አርባ ምንጭን አጥንቼ ተፈትኛለሁ። ሰዎቻቸውን ያየሁት ግን በዚያ ስታዲየም ነው። በወላይታ ድቻ ማሊያ ከደቡብ ድረስ የመጡ ደጋፊዎች ከጎናችን ተቀምጠው ሽምብራ እሸት ምን እንደሆነ አጎቴን ሲጠይቁት ትዝ ይለኛል። እሱም የማክሰኝት ሰው ነውና ስለ ሽምብራ ጠይቀውት ዝም አይልም፤ የመጀመሪያው አጋማሽ በሽምብራ አለቀ።

ከዚያ ባህር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም ፕሪምየር ሊጉን ተቀላቀለ። ለማክሰኝት ይህ ልዩ ነገር ነበር፤ ከተማችን ያለችው በሁለቱ መካከል በዋናው አስፋልት ላይ ነውና። ጨዋታ ያለ ዕለት የደጋፊ አውቶቡስ በከተማችን ያልፋል፣ ይቆማል። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሻይ የሚሸጡት ጎረቤታችን እትዬ (እዚህ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል) የጨዋታ ፕሮግራሙን ከአጎቴ ቀድመው ያውቁት ነበር። ኳስ ግን አይወዱም። «ማን አሸነፈ?» ብለው አይጠይቁም፤ «ስንት መኪና መጣ?» ነው የሚሉት። በደርቢው ማግሥት ብርጭቆ ተሰብሮባቸው ሲያማርሩ ሰምቼ አውቃለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ከሳምንት ሽያጭ የበለጠ ሸጠዋል። የሊግ ለውጥ ስንል ስታዲየም ብቻ የምናይ ከሆነ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ከሂሳቡ እናወጣቸዋለን።

ደጋፊው ሳይዛወር ሜዳው የተዛወረበት ጊዜ

ሁለተኛው ዝውውር የመጣው በ2013 ዓ.ም ነው። የ2012ቱ ውድድር በኮቪድ ምክንያት በመሃል ተሰርዞ ነበር። ውድድሩ ሲመለስ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለተወሰኑ ሳምንታት ይጫወቱና ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። በዚያ ዓመት የተመረጡት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። ጎንደር የለችበትም። የእያንዳንዱ ጨዋታ «ባለሜዳ» የሚባል ቡድን አሁንም አለ፤ ነገር ግን ባለሜዳነቱ በወረቀት ላይ ስሙ መጀመሪያ የሚጻፍ መሆኑ ብቻ ነው። ፋሲል ድሬዳዋ ላይ ባለሜዳ ሆነ። ከማክሰኝት እስከ ድሬዳዋ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው።

ለምን እንዲህ ተደረገ የሚለውን በቅንነት ማየት ይገባል። አንደኛው በሽታው ነው፤ ቡድኖችን በአንድ ቦታ መመርመርና መቆጣጠር ይቀላል። ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። በዚያው ዓመት የሊጉን ጨዋታዎች የማስተላለፍ መብት ለሱፐርስፖርት ተሸጠና ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ። ካሜራና የማሠራጫ መኪና በየሳምንቱ በስምንት ከተማ ማዞር ከባድ ነው፤ አንድ ሜዳ ላይ ተክሎ በቀን ሁለት ጨዋታ ማስተላለፍ ግን ይቻላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሜዳዎቻችን ሰላም አልነበሩም። በኅዳር 2010 ዓ.ም ወልድያ ላይ ከጨዋታ ጋር በተያያዘ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የአማራና የትግራይ ክለቦችም ለጊዜው በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ የተደረገበት ወቅት ነበር። የእኛም ወገን ደጋፊ ንጹሕ ነበር ብዬ አልከራከርም። ድንጋይ ሲወረወር አይቻለሁ፤ አጎቴ ከጃኬቱ ሥር ደብቆኝ የወጣንበትም ቀን አለ። ስለዚህ ጨዋታን ከባለቤቱ ከተማ ማራቅ ለጸጥታ ሰዎች ቀላል መፍትሔ መስሎ ቢታይ አይገርመኝም።

ክለቦቹም ቢሆኑ የራሳቸው ሂሳብ አላቸው። በየሳምንቱ አገር ከማቋረጥ ይልቅ አንድ ሆቴል ውስጥ ወር መቀመጥ ይሻላል የሚል አለ፤ ወር ሙሉ የሆቴል ሂሳብ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ከፋዩ ነው የሚልም አለ። ይህን ለአካውንቲንግ ክፍል ተማሪዎች እተወዋለሁ።

ነገሩ ግን የኮቪዱ ጊዜ ሲያልፍ አላለፈም። በ2014ም በ2015ም አሠራሩ ቀጠለ። ለእኛ የቅርቧ ባህር ዳር ትገኝበት ስለነበር አንዳንድ ሰው እየተበደረም ሄዶ ያይ ነበር። በ2016 ግን ውድድሩ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ መካከል ሆነ። ክልላችን በዚያን ጊዜ የነበረበትን ሁኔታ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መግለጽ አያስፈልግም፤ ኳስ ለማየት ይቅርና ለለቅሶም መንገድ የማይኬድበት ሰሞን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፋሲል ከነማ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በዚያው በ2013 ዓ.ም በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት ነው። የውድድሩ ማብቂያ ሐዋሳ ነበረች፤ ከጎንደር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጎንደር ስንት ዓመት የጠበቀችው ዋንጫ አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ ሳይደረግ መጣ። አንዳንድ ሰው «በሜዳው ስላልተጫወተ ዋንጫው ይቀንሳል» ሲል ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። እንዲያውም በየሰው ሜዳ ተጫውቶ ማሸነፍ ይከብዳል። የሚቀንሰው የእኛ ድርሻ ነው። እኛ ማክሰኝት ዋናው መንገድ ዳር ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነበር የምናየው። ጎል ሲገባ ሁሉም ይነሳል፣ አጎቴ ግን አይነሳም ነበር። ስታዲየም ውስጥ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸው ሰው እዚህ ዝም አለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «እዚህ ሁኜ ብጮህ ማን ይሰማኛል?» አለኝ።

ይህችን መልስ ከመጻሕፍት ካነበብኩት ሁሉ አብልጬ እይዛታለሁ። ደጋፊ ተመልካች ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሜዳ ላይ ሲሆን ጩኸቱ ተጫዋቹ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ዳኛውን ያስጨንቃል፣ የደከመ ተከላካይን ያስሮጣል። የሜዳ ጥቅም የምንለው ነገር ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። ቴሌቪዥኑ ጨዋታውን ወደ ማክሰኝት ያመጣል፤ የማክሰኝትን ድምፅ ግን ወደ ጨዋታው አይወስድም።

በአህጉር ደረጃም ነገሩ ተደግሟል። ፋሲል እንደ ሻምፒዮን በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ሲጫወት የሜዳው ጨዋታ የተደረገው ባህር ዳር ነው። ብዙም ሳይቆይ ካፍ የባህር ዳርን ስታዲየም ጭምር ከደረጃ በታች ነው ብሎ ስላገደ ብሔራዊ ቡድናችን ራሱ ስደተኛ ሆነ። በሰኔ 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ የማይረሳ ጨዋታ «በሜዳችን» የተደረገ ነው፤ ሜዳችንም ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበረች። እንግዲህ የፋሲል ደጋፊ ብቻውን አይደለም፣ አገሩ በሙሉ አብሮት ነው፤ መጽናኛ ከሆነ።

ከሁሉ የባሰው የደረሰባቸው ግን እኛ አይደለንም። በ2013 ዓ.ም መቀሌ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ወጡ። ወደ ፕሪምየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም ነው። የመቀሌ ደጋፊ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ እንኳ የሚያየው ክለብ አልነበረውም። ከመቀሌ ጋር የነበረን ፉክክር ጤናማ ያልሆነበት ጊዜ ነበር፤ ቢሆንም ሰንጠረዡን ሳየው ስማቸው የጎደለበት ሊግ ለእኔ ሙሉ ሊግ አልነበረም።

ማን ፈረመ?

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም አሥራ ሁለት የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች የራሳቸውን ሱፐር ሊግ ማቋቋማቸውን አስታወቁ። ይህ ማለት የአሜሪካኖቹ ዓይነት ኮንፈረንስ ነው፤ በነጥብ ሳይሆን በፊርማ የሚገባበት። የለንደን ደጋፊዎች አደባባይ ወጡ፣ የቼልሲን አውቶቡስ አስቆሙ፣ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ መውጣታቸውን ገለጹ። ማክሰኝት ያለው ዲኤስቲቪ ቤትም ተቆጥቶ ነበር። የአርሴናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች ለአንድ ቀን ታርቀው «ኳስን ለሀብታም ሊሸጡት ነው! ደጋፊውን ማን ጠየቀው?» ሲሉ አመሹ። እኔም ብያለሁ። ያን ጊዜ የራሳችን ክለብ ከሜዳው ከወጣ ወራት አልፎት ነበር፤ ስለ እሱ ደጋፊውን ማን ጠየቀው ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ለውጡ እንደ ጊዜያዊ ነገር መምጣቱ ይመስለኛል። «ለበሽታው ነው» ተባለ፣ ሁላችንም ተቀበልን፤ ጊዜያዊ የሆነ ነገር ደግሞ ሲቆይ ማን መቼ ቋሚ እንዳደረገው አይታወቅም። ሌላው ግን የባለቤትነት ነገር ነው። ሊጉን የሚመራው የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ባለ አክሲዮኖቹ ክለቦቹ ናቸው። ክለቦቹ ደግሞ በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ናቸው። ደጋፊው መዋጮ ያዋጣል፣ ማሊያ ይገዛል፣ ሩጫ ሲዘጋጅ ይሮጣል፤ ውድድሩ የት ይካሄድ በሚለው ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ወንበር የለውም። የሚኒሶታው አያትም አልነበረውም፣ የወሰኑት የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ልዩነቱ የእኛው ክለብ በስሙ ውስጥ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር መባሉ ነው። ነዋሪው ስሙ ላይ አለ፤ ውሳኔው ላይ የለም።

ይህን በክፍል ውስጥ ሳቀርብ አንድ ተማሪ «ታዲያ ምን ይደረግ? ስታዲየሞቹ እኮ ደረጃቸውን አይጠብቁም» ብሎ ተከራከረኝ። ትክክል ነው። የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ የተመልካች መውጫ በር የሌለው ሜዳ ላይ ሰው ማጎር አደገኛ ነው። ነገር ግን ጎንደር ለአንድ ዙር አስተናጋጅ ለመሆን ምን ምን እንደሚጎድላት በዝርዝር ቢነገር ነዋሪው የሚያዋጣበትን ያውቃል። ሜዳው ይጠገናል ሲባል እንሰማለን፤ የትኛው በር፣ የትኛው መብራት እንደሆነ ግን አንሰማም። ሌላው ተማሪ ደግሞ «በቴሌቪዥን በነጻነት እያየህ ምን አስለፈለፈህ?» አለኝ። ነጻ አይደለም፤ ለአግዳሚው እንከፍላለን።

ባለፈው ፋሲካ ማክሰኝት ሄጄ ነበር። የእትዬ ሻይ ቤት አለች፤ ብርጭቆዎቹ ግን ቀንሰዋል። እሳቸው ራሳቸው የቀነሱበትን ምክንያት ሲናገሩ መንገዱን፣ የስኳሩን ዋጋ፣ የጊዜውን ክፋት ይጠቅሳሉ፤ ኳሱን የሚጠቅሱት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ልክ ስለሆነ እኔም እንዳለ ጻፍኩት። የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የፋሲልን ተጫዋቾች ስም ከነቁጥራቸው ይጠራል። አጎቴ አጠገቡ ተቀምጦ የድሮ ጨዋታ ሲያወራለት ልጁ አቋረጠውና «አያ፣ ፋሲል ጎንደር ተጫውቶ ያውቃል እንዴ?» አለው። አጎቴ መልስ ሳይሰጥ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የ2009 ዓ.ም የመግቢያ ትኬቶች በላስቲክ ታስረው በእጁ ነበሩ። አሥራ አንድ ናቸው። የተቀደደው ጎን ሁሉ አለ፣ በአንዱ ላይ የሻይ ክብ አለበት።

በመመረቂያ ጽሑፌ ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም ከማክሰኝት፣ ከጠዳና ከአዘዞ ወደ ስታዲየም ይመላለሱ የነበሩ ደጋፊዎችን ለማነጋገር አቅጃለሁ፤ በስንት ብር ተሳፈሩ፣ የት ምሳ በሉ፣ ስንት ሰዓት ተመለሱ የሚለውን ጭምር። የዚያን ጊዜ ትኬት፣ ፎቶግራፍ ወይም የደጋፊ መታወቂያ ያስቀመጣችሁ ተማሪዎችና የክፍሉ ሠራተኞች ካላችሁ በትምህርት ክፍላችን ጽሕፈት ቤት በኩል ብታውሱኝ ፎቶኮፒ አድርጌ እመልሳለሁ። የአጎቴን አሥራ አንዱን ግን አላመጣሁም፤ ከቤት አይወጡም ብሏል።